ስሙን እየጠራን እናውቀዋለንን?

እኛ የዳሪሙ ወጣቶች በጸሎታችንና በመዝሙራችን «ኤልሻዳይ፣ አዶናይ፣ ጸባኦት» እንላለን። ትርጉሙን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን።

እነዚህ የዕብራይስጥ ስሞች ናቸው። «ኤልሻዳይ» ሁሉን ቻይ አምላክ ማለት ነው፤ ለዘጠና ዘጠኝ ዓመቱ ለአብርሃም ተነገረ (ዘፍ. 17፥1)። «አዶናይ» ጌታዬ ማለት ነው፤ አይሁድ ለሙሴ የተገለጠውን «ያህዌ» የሚለውን ስም ከማክበራቸው የተነሣ በእርሱ ፈንታ ያነቡታል። «ጸባኦት» ሠራዊት ማለት ነው፤ ሐና ልጅ አጥታ ስታለቅስ የሠራዊት ጌታ ብላ ተሳለች (1ኛ ሳሙ. 1፥11)።

ከሁሉ ይልቅ አጋር ታስደንቀናለች። ግብፃዊት ገረድ ነበረች፤ ከእመቤትዋ ሸሽታ በምድረ በዳ ሳለች የእግዚአብሔር መልአክ አገኛት። እርስዋም «ኤልሮኢ»፣ የሚያይ አምላክ አለችው (ዘፍ. 16፥13)። ስሙን ያወቀችው በመከራዋ ቀን ስላያት ነው።

የኢሉባቦርንም ልጅ እናስብ። በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። እናቶቻችን «ዋቃዮ» ብለው ሲጠሩ የሚሰማቸው ያው የአጋር አምላክ ነው።

እንግዲህ ስሞቹን ትርጉሙ እንዳልገባን የክታብ ቃል አንደጋግማቸው። «የሚያየኝ አምላክ» የምንል ከሆነ በየቤታችን ውኃ የምትቀዳውን፣ እንጨት የምትለቅመውን ሠራተኛ ልጅ እኛም እንያት፤ በስሟም እንጥራት። ለዚህ እርሱ ይርዳን። አሜን።