ስለ ወተት ላሞች ሰኮና አጠባበቅ

ስለ ወተት ንግድ በተነገረ ጊዜ ስለ መኖ ዋጋና ስለ ማጓጓዣ ብዙ ይባላል፤ ስለ ላሚቱ እግር ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የምታነክስ ላም ወደ ግርግሟ መሄድ ይከብዳታል፤ ጥቂት ትበላለች፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ኮርማ የምትፈልግበትም ጊዜ ይዘገያል። በመጨረሻም ለወተት በውድ ዋጋ የተገዛችው ላም በርካሽ ለሥጋ ትሸጣለች።

በመስክ የምትሰማራ ላም ሰኮናዋ በመንገድ እየተፋቀ ልኩን ይጠብቃል። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱና በሆለታ እንደሚታዩት በበረት ታስረው እንደሚውሉ የፍሪዢያን ዘር ላሞች ያለችው ግን እንዲህ አይደለችም። ሰኮና በወር 5 ሚሊሜትር ያህል ያድጋልና፣ ሳይስተካከል የቀረ እንደ ሆነ ጫፉ ይረዝማል፤ ክብደቷም ወደ ተረከዟ ያርፋል። ከዚህም የተነሣ ይልቁንም በኋላ እግሮቿ የውጭው ሰኮና ይቆስላል።

የሕመሙ ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

1ኛ/ እርጥበትና እድፍ። በክረምት ጭቃ፣ በፋንድያና በሽንት የራሰ ሰኮና ይለሰልሳል፤ ተላላፊ ቁስልም በመካከሉ ይገባል።

2ኛ/ መኝታ። ላም በቀን 12 ሰዓት ያህል መተኛት ይገባታል። ደረቅ ጉዝጓዝ ያጣች ላም ግን በሲሚንቶ ላይ ቆማ ታድራለች።

3ኛ/ መኖ። የዓቢይ ጾም ሲፈታ የወተት ገበያ እንደሚደምቅ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ወተት ለማብዛት ሲባል የእህሉ መኖ በድንገት የተጨመረ እንደ ሆነ በላሚቱ ሆድ ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ጉዳቱም እስከ ሰኮናዋ ይደርሳል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ ባለቤቱ ምክንያቱን አያገኘውም።

መከላከያው የሚከተለው ነው። ሰኮናን በዓመት ሁለት ጊዜ በሠለጠነ ሰው እጅ ማስተካከል፤ በረቱን በየቀኑ መጥረግ፤ ድርቆሽን ሳያጓድሉ እህሉን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይገባል። ከዚህም በቀር በ100 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ የመዳብ ሰልፌት በጥብጦ፣ እግራቸው አስቀድሞ የታጠበውን ላሞች በገንዳ ውስጥ ማሳለፍ ይጠቅማል። ውሃው ሲያድፍ ይለወጣል። መዳብ በጎችንና ዓሣን ስለሚመርዝ ጥራጊውን በግጦሽ መሬት ወይም በወንዝ ላይ መድፋት አይገባም። ስትራመድ ጀርባዋን የምታጎብጥ ላም ብትታይ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው፤ መድኃኒት ከተሰጣትም ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይፈጸም ወተቷ ለገበያ አይቀርብም።

እንግዲህ ከዚህ ውስጥ የነጋዴው ድርሻ የትኛው ነው? አስመጪው የሰኮና ቢላዋ፣ የመዳብ ሰልፌትና የላስቲክ ምንጣፍ ሲያመጣ የአጠቃቀሙን መመሪያ በአማርኛ ጽፎ ቢያያይዝ፤ መኖ ሻጩ እህል የሚገዛውን አርቢ «ድርቆሽስ አለህን?» ብሎ ቢጠይቅ፤ የቁም ከብት ላኪውም በአራቱም እግሮቹ አጽንቶ የማይቆመውን ከብት ባይጭን ሁሉም ይጠቀማል። ወተት የሚረከብ ባለሱቅም ከአርቢው ጋራ ከመዋዋሉ በፊት ወደ በረቱ ገብቶ የላሞቹን አካሄድ ይመልከት። ዛሬ የሚያነክሱ ላሞች ነገ ውሉን የሚያሟላ ወተት አይሰጡምና።