ላባ በል ባክቴሪያ ከአፈር አውጥቶ መፈተን

ዶሮ ከነላባው የተቀበረበትን ጉድጓድ ከወራት በኋላ ብትቆፍሩት አንጀቱና ሥጋው አፈር ሆኗል፤ ላባው ግን እንዳለ ነው። ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ሆኖ ሳለ የሚደፍረው አይገኝም። ይህ ኬራቲን የሚባለው ፕሮቲን ሰንሰለቶቹ በድኝ ማያያዣ እርስ በርስ ስለተቆላለፉ ፔፕሲንና ትሪፕሲን የመሳሰሉት የሆድ ኢንዛይሞች ብዙም አይነኩትም። ሰብረው የሚገቡት ኬራቲኔዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። ከእነዚህ ስሙ የገነነው ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ ፒደብሊውዲ-1 ነው፤ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዶሮ ኩስ ማብላያ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1990 በጽሑፍ አስተዋወቁት። የእሱ ኢንዛይም በኋላ ለመኖ ተጨማሪነት ገበያ ላይ ውሏል።

የእሱን ዘመዶች ለማግኘት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ኦቶክሌቭ፣ ኢንኩቤተርና ጥሩ ሚዛን ያለው የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ይበቃል።

1ኛ ደረጃ፦ አፈሩን መምረጥ

ላባ ለረጅም ጊዜ ሲጣልበት የኖረ ቦታ ፈልጉ፤ የዶሮ እርባታ ጓሮ ከሁሉ ይሻላል። ፀሐይ ያደረቀውን የላዩን ገለል አድርጉና ከበሰበሰው ላባ ሥር ያለውን እርጥብ አፈር በንጹሕ ማንኪያ ውሰዱ። ጓንት አድርጉ።

ከብት ሞቶ ከተቀበረበት ቦታ ግን አፈር አትውሰዱ። የአባ ሰንጋ አምጪም ባሲለስ ነው፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ቀጥሎ የምናደርገው ማሞቅም አይገድለውም። እንዲያውም ተወዳዳሪዎቹን አጥፍቶ ሜዳውን ይለቅለታል።

2ኛ ደረጃ፦ ማሞቅ

1 ግራም አፈር በ9 ሚሊ ሊትር 0.85 በመቶ የጨው ውኃ በጥብጡና 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ 10 ደቂቃ አቆዩት። ስፖር የሚሠሩት ባሲለሶች ይተርፋሉ፣ አብዛኛው ሌላው ይሞታል። የጭርት አምጪ ፈንገሶችም ኬራቲን በልተው የሚያድሩ ስለሆኑ በዚሁ ብታስወግዷቸው ለእናንተም ቆዳ ይበጃል።

3ኛ ደረጃ፦ ላባ ብቻ ማብላት

ላባውን በሳሙና አጥቡት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ 60 ዲግሪ ላይ አድርቁት፣ ቆራርጡት። በ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ላባ፣ 0.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 0.3 ግራም ዳይፖታሺየም ፎስፌት፣ 0.4 ግራም ሞኖፖታሺየም ፎስፌት፣ 0.1 ግራም ማግኒዥየም ክሎራይድ ጨምሩ፤ ፒኤች 7.5 ይሁን። ስኳር አታስገቡ፤ ቀላል ምግብ ያገኘ ባክቴሪያ ላባ ለመስበር አይደክምም። ወደ ፍላስኮች ከፋፍላችሁ 121 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ በኦቶክሌቭ አምክኑ። ሲቀዘቅዝ የሞቀውን የአፈር ብጥብጥ ጨምራችሁ 37 ዲግሪ ላይ እያወዛወዛችሁ እስከ ሰባት ቀን ጠብቁ።

አንድ ፍላስክ ባክቴሪያ ሳይገባበት አብሮ ይቀመጥ። ኦቶክሌቩ ራሱ ላባውን ያላላዋል፤ ያለዚህ ማነጻጸሪያ የእንፋሎቱን ሥራ ለባክቴሪያው ትሰጣላችሁ። ነገሩ ከሠመረ ቀጫጭኑ የላባ ፀጉር ቀድሞ ይረግፋል፣ ዘንጉ ይከተላል፣ ፒኤቹ ከ8 ይዘልቃል፣ ክዳኑን ስትከፍቱ አሞኒያ ይሸታል።

4ኛ ደረጃ፦ መነጠል

ፈሳሹን አቅጥናችሁ ቅባት የወጣለት ወተት ባለው አጋር ላይ ዘርጉ። ዙሪያው ጠርቶ የሚታይ የባክቴሪያ ኮሎኒ ፕሮቲን ይሰብራል ማለት ነው፤ ኬራቲን ይሰብራል ማለት ግን አይደለም። ብዙ የመመረቂያ ሥራ እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ የጠራውን ክብ በማስመሪያ ለክቶ ኬራቲኔዝ አገኘሁ ይላል። የወተት ፕሮቲን የላላ ነው፣ ማንም ይቆርጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ንጹሕ ዘር ለብቻው ወደ ላባ ፍላስክ መልሱት፤ የተረፈውን ላባ አጣርታችሁ አድርቃችሁ መዝኑና ከማነጻጸሪያው ጋር አስተያዩት። ያሸነፈውን በ20 በመቶ ግሊሰሮል አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡ። በደም አጋር ላይም ሞክሩት፤ ደም ከሰበረ ምግብ መራዡ ባሲለስ ሴሬየስ ሊሆን ስለሚችል ማንነቱ በዘረመል ምርመራ ሳይረጋገጥ ለመኖ አታስቡት።

5ኛ ደረጃ፦ ኢንዛይሙን ለይቶ ማየት

ያሸነፈው ዘር ያደገበትን ፈሳሽ በሴንትሪፊዩጅ አዙራችሁ ከባክቴሪያው የተለየውን ውሰዱ። በአዲስ ላባ ላይ ብታፈሱት እንደ ሕያው ባክቴሪያው ሳይሠራ ሲቀር አትደንግጡ። የድኝ ማያያዣውን የሚፈታው በአብዛኛው የሕያው ሕዋስ ሥራ ነው፤ ኬራቲኔዝ የሚቆርጠው የተፈታውን ሰንሰለት ነው። ማያያዣውን እንዲፈታለት ጥቂት ሶዲየም ሰልፋይት ጨምሩበት፤ ያው ፈሳሽ ፍጥነቱ ይጨምራል።

6ኛ ደረጃ፦ ሌጦ ላይ መሞከር

ሞጆን የመሳሰሉ የቆዳ ፋብሪካ ከተሞች ላሉን ለእኛ ዋናው ጥቅም እዚህ ነው። ጠጉር ሲራገፍ የኖረው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ሰልፋይዱ ፍሳሹን ያከፋዋል፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝም ሰው የሚገድል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል። ኢንዛይሙ ግን ጠጉሩን ከሥሩ ስለሚያላላው ሳይሟሟ እንዳለ ይወልቃል።

ከአዲስ የበግ ሌጦ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቁራጮች አጥባችሁ አንዱን በኢንዛይሙ፣ ሌላውን ተቀቅሎ በበረደ ያው ፈሳሽ ውስጥ ንከሩ። ፒኤቹ ከ8 እስከ 9 ይሁን። በየጥቂት ሰዓቱ በቢላ ጀርባ ጠጉሩን ግፉት። የተቀቀለው ውስጥ ያለውም እኩል ከለቀቀ ሥራው የኢንዛይሙ ሳይሆን የብስባሴ ነው።

ጠጉሩ ሲለቅ የቆዳውን ፊት በአጉሊ መነጽር እዩት። ቆዳን ቆዳ ያደረገው ኮላጅን ነው፤ እሱን የሚነካ ኢንዛይም ፊቱን ያጎደጉዳል፣ ቆዳውም ዋጋ ያጣል። በጀላቲን ሙከራ ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ጀላቲን የተቀቀለ ኮላጅን ስለሆነ ብዙ ኢንዛይም ይቆርጠዋል።

ፊቱን ያበላሸ ዘር ለቆዳ ፋብሪካ ባይሆንም ላባን ወደ ማዳበሪያና መኖ ለመለወጥ ያገለግላል። ለመኖ ስታስቡ የላባ ፕሮቲን በላይሲንና በሜቲዮኒን ድሃ ስለሆነ የአኩሪ አተርን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ከእሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል።