እከክ በድርቅና በመጠለያ

ዝናብ ሲቀር በቅድሚያ የሚታሰበው እህል ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ምንጩ ሲነጥፍ የገላና የልብስ ማጠቢያ ውኃም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የድርቁ ጉዳት ሳይዘገይ በቆዳ ላይ ይታያል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ ከተመረመረው ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል በሽታው ተገኝቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. እከክን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መድቦታል።

ስሙ የሐሩር ይባል እንጂ በሽታው ደጋውን አይምርም። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ብርድ ቤተሰቡ በአንድ ልብስ ተጠጋግቶ ያድራል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በደብረ ብርሃን እንደታየው ተፈናቃይ ሕዝብ በመጠለያ ሲጨናነቅ ደግሞ መተላለፊያው ይበዛል።

የበሽታው መንሥኤ ቆዳን ሰርስራ ገብታ እንቁላል የምትጥል፣ በዓይን እምብዛም የማትታይ ተባይ ናት። በመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ማሳከኩ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ዘግይቶ ነው። በመሆኑም ገና ያላሳከከው ሰው በሽታውን ያስተላልፋል። የመጠለያ ሠራተኞችን አብዝቶ የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ የሚያክከው ልጅ ብቻ ቅባት ተሰጥቶት ወደዚያው ብርድ ልብስ ከተመለሰ መድኃኒቱ ባከነ ማለት ነው። አብሮ የሚያድር ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት።

ፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት በታች፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብቶ ያድራል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። ለሕፃናት ራስና ፊትም ዓይንና አፍ ሳይነካ ይቀባል። ለጨቅላዎች የድኝ ቅባት ይሰጣል። የአይቨርሜክቲን ክኒን ብዙ ሕዝብ በአንድነት ለማከም የተመቸ ሲሆን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃናት አይታደልም። ጥፍርም በአጭሩ ይቆረጥ፤ በማከክ የተላጠ ቆዳ ሲመግል ጉዳቱ እስከ ኩላሊት ሊደርስ ይችላልና።

ፈልቶ የሚታጠብበት ውኃ ከሌለ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት አስሮ ቢያንስ 3 ቀን ማቆየት ይበቃል፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ተለይታ ብዙ አትቆይም። ዳሩ ግን በአንኮበር ብርድ አንድ ጋቢ ብቻ ያለውን ገበሬ «አስረክብ» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። መለወጫ ብርድ ልብስ አስቀድሞ ካልቀረበ ጋቢው መሸሸጉ አይቀርም።

ከሕክምናው በኋላም ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ታካሚው መድኃኒቱን በየቀኑ ደጋግሞ እንዳይቀባና ቆዳው እንዳይቆጣ ይህ በዕደላው ዕለት ይነገረው።