በመጋዘን የቆየው ድምፅ

(በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቢትልስ የተባለው ዝነኛ የሮክ ሙዚቃ ቡድን የተመሠረተው በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ነው። አባሎቹም ጆን ሌነን፣ ፖል ማካርትኒ፣ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር ነበሩ። ቡድኑ በ1964 እና በ1965 በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሆሊውድ ቦውል በተባለው ጣራ አልባ የትርኢት ሥፍራ ተጫውቷል። ካፒቶል የተባለውም የሸክላ ኩባንያ ዝግጅቶቹን በቴፕ ቀረጸ።

ይሁን እንጂ በየምሽቱ የተገኘው አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ተመልካች ያለማቋረጥ ይጮህ ስለ ነበር፣ ዘፋኞቹ የገዛ ድምፃቸውን እንኳ መስማት ተስኗቸው ነበር። የተቀረጸውም ድምፅ ለሸክላ አይበቃም ተብሎ ቴፑ በመጋዘን ተቀመጠ። ቡድኑም በ1970 ተበተነ።

ከዓመታት በኋላ የካፒቶል ኀላፊ ባስካር ሜነን፣ የቡድኑ የሙዚቃ አዘጋጅ የነበረውን ጆርጅ ማርቲንን ቴፑን እንዲመረምር ጠየቀው። ማርቲን በመጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። ሲያዳምጠው ግን ከጩኸቱ ሥር የወጣቶቹን ትጋትና የመድረኩን ሙቀት አገኘ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ቴፑን የሚያጫውተው አሮጌ መኪና እየጋለ ያስቸግር ስለ ነበር፣ ማርቲንና የድምፅ ባለሙያው ጄፍ ኤምሪክ በአቧራ መጥረጊያ መሣሪያ ቀዝቃዛ አየር እየነፉበት ድምፁን ወደ አዲስ ቴፕ አዛወሩት። ከዚያም አሥራ ሦስት ዘፈኖች መርጠው አዘጋጁ። ሸክላው በ1977 ወጥቶ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአሜሪካ ሁለተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። በጊዜው አይበቃም ተብሎ የተተወን ሥራ፣ ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ለሕዝብ ማቅረብ ተገቢ ነውን? አንዳንዱ ጉድለት ያለበት ሥራ የባለሙያውን ስም ይጎዳል ይላል። ሌላው ደግሞ በስቱዲዮ የተጣራው ዜማ የባለሙያውን ጥበብ ቢያሳይም፣ በሕዝብ ፊት እንዴት ይጫወት እንደ ነበር የሚመሰክረው የመድረኩ ቴፕ ብቻ ነው ሲል ይመልሳል።

በ2016 የማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን፣ ሙዚቃውን ከጩኸቱ ለመለየት በሚያስችል አዲስ ዘዴ እየታገዘ፣ አራት ዘፈኖች ጨምሮ ሥራውን እንደገና አሳተመ። ሆኖም ጩኸቱን ፈጽሞ አላጠፋውም፤ የታሪኩ አካል ነውና።

የቃላት ፍች
ሸክላ፦ ዜማ የተቀረጸበት ክብ ዲስክ
ተሳነው፦ አቃተው፣ አልቻለም
ትጋት፦ ሳይሰለቹ በርትቶ መሥራት

ጥያቄዎች
1. ቴፑ በመጀመሪያ ለምን ሳይታተም ቀረ?
2. አሮጌው መኪና ምን ችግር አስከተለ? እንዴትስ ተፈታ?
3. ስለ ክርክሩ ያላችሁን አስተያየት ምክንያት እየሰጣችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።