ወደ ደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ንጽሕናው እንዴት ይመረመራል?

ከወላይታ ሶዶ ለካንሰር ሕክምና ዘመዱን ይዞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደረሰ ቤተሰብ ብዙ ነው። እኔም አክስቴን ለማስታመም ከእናቴ ጋራ ሄጄ ሳለሁ፥ ቀይ መድኃኒት በቱቦ ወደ ክንዷ ሲወርድ አይቼ፥ «ይህ መድኃኒት ንጹሕ መሆኑን ማን አረጋገጠው?» የሚል ሐሳብ በልቤ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍትና ከባዮሎጂ መምህራችን ያገኘሁትን ለጓደኞቼና ለወላጆች እነሆ አቀርባለሁ።

ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ከፋብሪካ የሚመጣው በብልቃጥ ታሽጎ በዱቄት ወይም በፈሳሽ መልክ ነው። መጠኑ እንደ ሕመምተኛው ቁመትና ክብደት ስለሚለያይ፥ ለክቶና ቀድቶ ወደ ጉሉኮሱ ከረጢት የሚያስገባው የሆስፒታሉ ፋርማሲ ነው። እንግዲህ የፋብሪካው እሽግ የሚከፈተው፥ ጀርምም ሊገባ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚያሳንስ፥ ለጤነኛ ሰው ከቁም ነገር የማይቈጠር ተሕዋስ ለዚህ ሕመምተኛ የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ምርመራው በመሠረቱ ቀላል ነው። የሥጋ መረቅ በድስት ተትቶ ሲያድር ደፍርሶ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? መርማሪዎቹም ይህንኑ ይጠቀሙበታል። መድኃኒቱን ቀዳዳው 0.45 ማይክሮ ሜትር በሆነ ስስ ማጣሪያ ያሳልፉታል፤ ባክቴሪያ ካለ በላዩ ላይ ይቀራል። ከዚያም ማጣሪያውን ደኅና አድርገው ያጥቡታል፤ አለዚያ ሕዋስን የሚገድለው መድኃኒት ራሱ ጀርሙን አዳክሞ እንዳይበቅል ያደርግና በሐሰት «ንጹሕ ነው» ያሰኛል። ቀጥሎም በሁለት ዓይነት የተሕዋስያን ምግብ ውስጥ ይጨምሩታል፤ አንዱ ከ20 እስከ 25፥ ሁለተኛው ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 14 ቀን ይቆያል። ተሕዋስያን በቅለው ፈሳሹን ካደፈረሱት መድኃኒቱ ተበክሏል ማለት ነው።

ነገር ግን ሕመምተኛው 14 ቀን ሊጠብቅ አይችልም። የተቀመመው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። የተመረመረውም ብልቃጥ በምርመራው ስለሚያልቅ ለማንም አይሰጥም። «ጥቂቱን መርምሮ በብዙው ላይ መፍረድ ይቻላል» የሚል ቢኖር ደግሞ ሒሳቡን ይመልከት፤ ከብዙ ሺህ ብልቃጥ ከመቶው አንዱ ተበክሎ 20 ብልቃጥ ብንመረምር፥ አንድም የተበከለ ሳናገኝ የማለፋችን ዕድል 0.99 ለ20 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 82 ከመቶ ያህል ነው። (አላመንሁም፤ ሁለት ጊዜ አሰላሁት።)

ይህም በእውነት ሆኗል። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ የመድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ያዘጋጀው፥ የኬሞቴራፒ ሳይሆን የስቴሮይድ መርፌ፥ በሻጋታ ተበክሎ ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ60 በላይ ሞቱ። ለምርመራ የተላከው ናሙና እኮ «ንጹሕ» ተብሎ አልፎ ነበር!

ስለዚህ በጥሩ ፋርማሲ ከመድኃኒቱ ይልቅ የቀማሚው እጅ ይመረመራል። በመድኃኒቱ ፈንታ ንጹሕ የተሕዋስያን ምግብ ይሰጠውና፥ በየዕለቱ እንደሚሠራው አድርጎ በስሪንጅ እየቀዳ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ ያዛውራል። ያ ፈሳሽ 14 ቀን ተቀምጦ ከደፈረሰ፥ ሰውየው እንደገና ተምሮ እስኪያልፍ ድረስ ለሕመምተኛ አይቀምምም። የጓንቱም ጣቶች ለጀርም ማብቀያ በተዘጋጀ ሳሕን ላይ ተጭነው ይታያሉ። የሚሠራበት ካቢኔ 0.3 ማይክሮ ሜትር የሆነውን ብናኝ 99.97 ከመቶ የሚያስቀር ማጣሪያ አለው፤ የተጣራው አየር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መድኃኒቱም በሠራተኛው ፊት ላይ እንዳይተን ይከላከላል። ሆኖም ቀማሚው ክንዱን ከብልቃጡ በላይ ቢያሳልፍ የአየሩን መውረጃ ስለሚዘጋ፥ ያ ሁሉ ማጣሪያ ለዚያች ቅጽበት ከንቱ ነው።

የአክስቴ የሚቀጥለው ተራ ከፋሲካ በኋላ ነው። አብሬያት ስሄድ፥ ከተፈቀደልኝ፥ የፋርማሲውን ሠራተኛ የልምምድ ብልቃጡን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳስመረመረ እጠይቀዋለሁ።