ማሕፀንን ማስወገድ በጽኑ ኢንዶሜትሪዮሲስ፦ የውሳኔው መነሻ

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ፣ በእንቁላል አመንጪ ዕጢዎች፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም በአንጀት ላይ የሚያድግበት ሕመም ነው። ስለዚህ ማሕፀንን ማውጣት ብቻውን በሽታውን አይነቅልም፤ ቀዶ ሕክምናውን «የመጨረሻ መፍትሔ» ብሎ ለታካሚዋ ማቅረብም ያሳስታል። የአውሮፓ የሰው ሥነ ተዋልዶና ሥነ ፅንስ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሕክምናው ሊታሰብ የሚችለው ከእንግዲህ መፅነስ ለማይፈልጉና በቀደሙት ሕክምናዎች ላልተሻላቸው ሴቶች ነው፤ ያውም የሚታየው የታመመ ሕብረ ሕዋስ ሁሉ አብሮ ተወግዶ።

ከባዱ ጥያቄ የዕጢዎቹ ነው። በክሊቭላንድ ክሊኒክ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ማሕፀናቸው ወጥቶ ዕጢዎቻቸው ከቀሩላቸው ሴቶች 77 በመቶው፣ ዕጢዎቻቸውም ከተወገዱት 92 በመቶ ያህሉ እስከ 7 ዓመት ድረስ ሌላ ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ይሁንና ሁለቱም ዕጢዎች የወጡላት ሴት ወዲያው ታርጣለች፤ በወጣትነቷ ከሆነና የሆርሞን ምትክ ካላገኘች አጥንቷም ልቧም ለጉዳት ይጋለጣሉ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሕመሙ ምንጭ ሊቀድም ይገባል። ብርቱ የወር አበባ ቁርጠትና ደም መብዛት ከማሕፀኑ ጡንቻ፣ ማለትም ከአዴኖሚዮሲስ፣ የመጣ እንደሆነ ማሕፀኑን ማውጣት ይረዳል፤ በአንጀት ላይ ከተተወ ሕብረ ሕዋስ የሚነሣ፣ በሰገራ ጊዜ የሚብስ ሕመም ግን ማሕፀኑ ከወጣ በኋላም ሊቀጥል ይችላል።