«ሙንሌት» በአማርኛ ምን ትባል?

«ሙንሌት» ማለት ሌላ የሰማይ አካልን የምትዞር እጅግ አነስተኛ ጨረቃ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለቃሉ የመጠን ወሰን ስላላበጀለት ፍቺው በዐውዱ ይወሰናል።

ቃሉ በሁለት ቦታ ይዘወተራል። አንደኛው የሳተርን ቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 300 ሜትር የምትሰፋ ሙንሌት በካሲኒ መንኮራኩር ምስል ላይ የተገኘችው በቀለበቱ ላይ በጣለችው ጥላ ነበር።

ሁለተኛው በአስትሮይዶች ዙሪያ ነው። ጋሊሊዮ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1993 ባነሣቸው ምስሎች ላይ አይዳን የምትዞረው ዳክቲል ታየች፤ ስፋቷ 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምሕዋሯ በመነሣት የአይዳን መጠነ ቁስ በስበት ሕግ መገመት ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዳርት የተባለችው መንኮራኩር ዲዲሞስን ከምትዞረው ዲሞርፎስ ጋር ሆን ተብሎ እንድትላተም ተደርጎ፣ የዲሞርፎስ የዙረት ጊዜ በ33 ደቂቃ ያህል አጥሯል። ምድርን ከአስትሮይድ ለመከላከል የሚያስችል ዘዴ በዚህ ተፈተነ።

በአማርኛስ? «ንዑስ ጨረቃ» ብንል ጨረቃን ከምትዞር ጨረቃ ጽንሰ ሐሳብ ጋር ይምታታል። «ኢት» የሚለው ቅጥያ ግን አንስታይ ጾታን፣ አንዳንዴም ማነስን ያመለክታል። ከ«ሐሙስ» «ሐሙሲት» እንደ ተባለ፣ ከ«ጨረቃ» «ጨረቂት» ብንል ቃሉ ለተማሪው ጆሮ ባዕድ አይሆንም።